ውበት ሲጠራችሁ ሂዱ፤ ስትደርሱ ግን ለኩ

ልጆቼ፣ ይህን ምክር የምጽፈው በቁረይሻና በገዳሪፍ ዙሪያ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ለምትውሉ፣ በመጠለያ ለምትኖሩ፣ ማታ ማታ በስልካችሁ ለምትማሩ ነው። አንዳንዶቻችሁ ሳይንስ ደረቅ ቁጥር ነው ትላላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ሃይማኖት ሳይጠይቁ መቀበል ይመስላችኋል። ሁለቱንም አትመኑ። ሳይንቲስቱም የሃይማኖት ሊቁም የሚነሡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ባዩት ይደነቃሉ፣ ያላዩትንም በልባቸው ይሥላሉ። የሰው ልክ የሚታወቀው ግን ሥዕሉን ከሣለ በኋላ በሚያደርገው ነው።

መጽሐፈ ሄኖክን ተመልከቱ። ሙሉው ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ፣ በራስ ፊልና በስናር አድርጎ ወደ ግብፅ ያቀናው በዚሁ በእናንተ ጠረፍ በኩል ነበር፤ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎችን አውሮፓ ያደረሰውም እሱ ነው። በመጽሐፉ ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት በሮች አሏት፤ በዓመቱ ውስጥ ከበር ወደ በር እየተሻገረች ትወጣለች፣ ትገባለች። ይህን ተረት ነው ብላችሁ አትለፉት። የቁረይሻ ሜዳ ተራራ የማይጋርደው ስለሆነ በሮቹን ራሳችሁ ልታዩአቸው ትችላላችሁ። ከአንድ ቦታ ሳትነቃነቁ ፀሐይ በወጣችበት አቅጣጫ በየወሩ አንድ ዘንግ ትከሉ። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ርቃ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ርቃ ስትወጣ ታገኟታላችሁ። ያ ጸሐፊ ሰማዩን በዓይኑ አይቶ፣ ያየውን በበር መስሎ ነው የጻፈው።

ነገር ግን የሄኖክ ዓመት 364 ቀን ነው። ቁጥሩ ያምራል፤ ልክ 52 ሳምንት ይሆናል፣ ለአራት ሲከፈልም ለእያንዳንዱ ወቅት 91 ቀን ይደርሰዋል። ፀሐይ ግን ለዚህ ውበት አልታዘዘችም፤ ዓመቷ 365 ቀን ከሩብ ገደማ ነው። በ364 የሚቆጥር ሰው በ30 ዓመት ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ይስታል፣ የመኸሩን በዓል ክረምት ላይ ያውለዋል። አባቶቻችን ምን እንዳደረጉ አስተውሉ። ሄኖክን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥረው አከበሩት፤ ለዘመን መቁጠሪያቸው ግን 12 ወር ከ5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱም 6 ቀን ጳጉሜን ያዙ። መጽሐፉንም አልጣሉም፣ ፀሐይንም አልካዱም።

ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን በምታወጣበት በባሕረ ሐሳብ ደግሞ ውበትና ስሌት አብረው ይሄዳሉ። ትውፊቱ እንደሚለው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ትንሣኤ ከእሑድ እንዳይወጡ ተመኘ። መልአክም ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7 ሱባኤ እንዲይዝ ነገረው። ሱባኤ ሰባት ቀን ስለሆነ 23 በ7 ሲባዛ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል። 7 በ7 ሲባዛ 49 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል። ከ11 አበቅቴ፣ ማለትም የጨረቃ ትርፍ፣ ከ19 ደግሞ የበዓላትን ቀን ለማውጣት የሚያገለግለው መጥቅዕ ይወጣል። የ2018 ዓ.ም.ን እንሞክር። ዓመተ ዓለሙ፣ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ሲቆጠር፣ 7518 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፣ አንድ ሲቀነስ «ወንበር» የሚባለው ቁጥር 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ነው። ድምራቸው 30። 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሆኑ ይህ በየትኛውም ዓመት አይናወጥም።

ይህን 11 ቁጥር በጎረቤቶቻችሁ በሙስሊሞቹ ዘንድም ታውቁታላችሁ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ የሚመጣው የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ያህል ሆኖ ከፀሐይ ዓመት ስለሚያንስ ነው። አበቅቴም የሚሰበስበው ይህንኑ ትርፍ ነው። አንዱ ትርፉን ይዞ ሲያካክስ፣ ሌላው ጨረቃን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሰማዩ ግን አንድ ነው። ስለ ሃይማኖት ልዩነት ለሚነታረክ ጓደኛችሁ ይህን ስሌት አሳዩት።

ውበት ሊያታልል እንደሚችል ከጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከዮሐንስ ኬፕለር ተማሩ። ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይዘጋጅ የነበረ አማኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1596 ባሳተመው መጽሐፍ ፈጣሪ ያኔ የሚታወቁትን የስድስቱን ፕላኔቶች ርቀት በአምስቱ ፍጹም ጠጣር ቅርጾች እንደለካ አመነ። ሥዕሉ እጅግ ያማረ፣ ግን የተሳሳተ ነበር። በኋላ ማርስን በክብ መንገድ ሲያስኬዳት ስሌቱ ከሰማይ ተመልካቹ ከታይኮ ብራሄ ልኬት በ8 የማዕዘን ደቂቃ ተለየበት፤ ይህ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ሩቡን ያህል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ንቆት ያልፍ ነበር። ኬፕለር ግን ስንት ዘመን የተከበረውን ክብ ተወና በ1609 የፕላኔቶች መንገድ ሞላላ መሆኑን አስታወቀ። በ1619 ስለ ዓለም ስምምነት በጻፈው መጽሐፍ ደግሞ የፕላኔቶችን ርቀትና ዑደት የሚያስተሳስረውን ሕግ አወጣ። ውበት መፈለጉን አልተወም፤ ውበቱን በልኬት አስገዛው እንጂ።

የእኛ ቅኔ ቤትም በዚሁ ሕግ ይኖራል። ተማሪው የትናንቱን ሳይደግም አዲስ እንዲቆጥር ይጠበቅበታል፤ ምናቡ ልቅ ነው። ቤቱ ካልመታ ወይም አገባቡ ከተሰበረ ግን ምሥጢሩ የቱን ያህል ቢያምር መምህሩ አይቀበለውም።

የእምነት ሥዕል መለኪያው ዘንግ አይደለም። ስለ ሰማያዊት ከተማ የምትሰሙት ወይም በያሬድ ዜማ ልባችሁን የሚያነሣው ነገር በሜትር አይለካም። የሚፈተነው በፍሬው ነው። አዝኖ ለተቀመጠው ባልንጀራችሁ እጃችሁን እንድትዘረጉ ካደረጋችሁ እውነት አለበት። እንድትኮሩና ሌላውን እንድትጠሉ ካደረጋችሁ ግን ዜማው ቢጥምም ተጠንቀቁት።

ይህን ሁሉ የምላችሁ ለሊቅነት ብቻ አይደለም። በገዳሪፍ ገበያ ስለ ሊቢያና ስለ አውሮፓ ያማረ ሥዕል የሚያሳያችሁ ደላላ አለ። እሱም የሚነግደው በምናባችሁ ነው። ስንት ሰው እንደ ወጣና ስንቱ እንደ ደረሰ፣ በመንገድ የቀረውም የት እንዳለ ጠይቁት። ጥያቄ ሲሰማ የሚቆጣ ሰው የሚሸጥላችሁ ውበት አይደለም። ሲለካ የማይፈራ ውበት ብቻ ነው የሚታመነው።

«ሆዱ የጎደለ ስለ ኮከብ ምን ያወራል?» የሚላችሁ አይጠፋም። ዘንግ መትከል ገንዘብ አያስወጣም፤ አበቅቴን ማውጣትም እርሳስና ወረቀት ብቻ ይበቃዋል። ድካም ጉልበታችሁን ይውሰድ፤ መደነቃችሁን ግን አትስጡት። ዛሬውኑ ጀምሩ፤ የሚመጣውን ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ አውጡ፣ ለታናናሾቻችሁም አስተምሩ። ያማረ ነገር ባያችሁ ጊዜ ሁሉ ፈጣሪን አመስግኑ፣ ቀጥላችሁም «እውነት ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።