ብርሃንን ስለ መሸፈን

እውነትን የተናገረ ሰው ሁሉ መልካም አደረገ ማለት ይቻላልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። እኔ ግን መልሱን በሽምግልናዬ ወራት ከአንድ ደረቅ ቅል ተማርሁ ብል አንባቢ አይሳቅብኝ።

በቤታችን የእንግዳ መቀበያ ክፍል አንድ አምፖል ያለ መሸፈኛ በገመድ ተንጠልጥሎ ብዙ ዓመት ኖሮአል። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የሆነው የልጅ ልጄ አንድ ማታ፥ «አባባ፥ ይህ መብራት ዓይን ይወጋል፤ ከቅል መሸፈኛ እንሥራለት» አለኝ። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና ወንጌል ስለ መብራትና ስለ እንቅብ የሚያስተምረው ትዝ ብሎኝ፥ «ብርሃንን አብርቶ መሸፈን ምን ይሉታል፤ ጌጥስ ለከንቱ ውዳሴ ነው» ብዬ መለስሁለት። ልጁ ግን አልተቀየመም፤ በማግሥቱ ቅሉን ከገበያ ገዝቶ መጣ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሲነቀንቁት ዘሩ እስኪሰማ ድረስ የደረቀውን ቅል ሥሩን በመጋዝ ቆርጠን፥ ዘሩንና ገለፈቱን በማንኪያ ፍቀን አወጣን፤ ትቢያው ለደረት ክፉ ነውና አፍንጫችንን በጨርቅ ሸፈንን። ጎኑን በእርሳስ ነጥብ እየነጠብን በመሰርሰሪያ በትንንሹ በሳነው፤ ሥሩን ግን ብርሃኑ ወደ ጠረጴዛው እንዲወርድ ክፍት ተውነው። የጥንቱ ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ቅሉን እንዳያሳርርብን ብለን፥ የ60 ዋቱን ያህል የሚያበራውን ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል መረጥን።

ባበራነው ጊዜ ግድግዳው በብርሃን ነጠብጣብ ተሞላ። ከጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ይነበባል፤ ዓይን ግን አይወጋም። የዴንማርክ አርክቴክት የነበረው ፖል ሄኒንግሰን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የደከመው ለዚሁ ነገር ነበር፤ አምፖሉ ራሱ ዓይንን እንዳይመታ፥ ብርሃኑ ግን ከሚፈለግበት ቦታ እንዲደርስ አድርጎ መሸፈኛውን ይነድፍ ነበር። ብርሃን የሚያስፈልገን ሌላውን ነገር እንድናይበት ነውና።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ በ1975 ዓ.ም. ያደረግሁት ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር። ወጣት መምህር ሳለሁ የፈተና ወረቀት ስመልስ፥ የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤትና ስሕተት በክፍሉ ፊት ጮክ ብዬ የማንበብ ልማድ ነበረኝ። አንድ ከገጠር የመጣ ልጅ ከሁሉ ያነሰ አገኘ። እኔም ውጤቱን አንብቤ፥ «ይህ ወረቀት ያልሠራ ሰው ወረቀት ነው» አልሁ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ለብዙ ዘመን፥ «የተናገርሁት እውነት ነው» እያልሁ ራሴን አጽናንቻለሁ። እውነት መሆኑስ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ስሕተቱን እንዲያይበት አላበራሁለትም፤ ዓይኑን ወጋሁት እንጂ።

ምናልባት አንባቢ፥ «እንግዲያስ እውነትን መሸፈን ሐሰት አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው በይሉኝታ ስም ይዋሻልና። ለዚህም መልስ የሚሆነኝ ቅሉን ከማንጠልጠላችን በፊት የሆነው ነገር ነው። ሽቦውን ያገናኘሁት እኔ ነበርሁ፤ ዓይኔ ስለ ደከመ አንደኛው ጫፍ ራቁቱን ቀረ። «ቅሉ ይሸፍነዋል፤ ማን ያየዋል» ብዬ ልተወው ቃጣሁ። ልጁ ግን፥ «አባባ፥ አምፖሉን የሚለውጥ ሰው እጁን ቢሰድስ? 220 ቮልት እኮ ነው» አለኝ። አፈርሁ። ቈጣሪውን አጥፍተን፥ አውርደን፥ በሽቦ ማገናኛ አጥብቀን እንደገና ሠራነው።

እንግዲህ አንዱ ቅል ሁለት ዓይነት መሸፈኛ ሊሆን ነበር። ብርሃኑን የሸፈነው ለተቀማጩ ዓይን በማዘን ነው፤ ሽቦውን ሊሸፍን የነበረው ግን የእኔን ጥፋት ለመደበቅ ነበር። ስለዚህ ቃላችንን ልናለዝብ ስንነሣ ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ መሸፈኛው የሚጠቅመው ሰሚውን ነው ወይስ እኔን? ደግሞስ ከሥሩ ማንበብ ይቻላልን? የማይቻል ከሆነ፥ እርሱ የመብራት መሸፈኛ መሆኑ ቀርቶ እንቅብ ሆኖአል፤ ወንጌል የነቀፈውም ይህንኑ ነው።

ያ የገጠር ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ ጎልማሳነቱን የጨረሰ ሰው ነው። ወዴት እንዳለ ባውቅ ሄጄ ይቅርታ በጠየቅሁት። ይህ ስላልሆነልኝ፥ ማታ ማታ የልጅ ልጄ ከቅሉ መብራት ሥር የሒሳብ ደብተሩን ሲዘረጋ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ስሕተት ባየሁ ጊዜ ዝም አልልም፤ ጣቴን ከስሕተቱ ላይ አኑሬ እስኪያየው እጠብቃለሁ።