የትከሻው ኮከብ የማን ነው?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ሲወሰዱ፣ በአመክንዮው ቢሆን አብሯቸው መውረድ የነበረበት ብዙ ነገር ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የጦር መኮንኖችን የመሾም፣ የመሻርና ማዕረጋቸውን የመወሰን ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱን ደግሞ ቅቡዕና ሥዩመ እግዚአብሔር የሚያሰኛቸው ከላይ የመጣ ሥልጣን ነው። እንግዲህ ክብሩ ከእግዚአብሔር ወደ ንጉሡ፣ ከንጉሡ ወደ መኮንኑ ትከሻ የሚወርድ ጅረት ከሆነ፣ ምንጩ ሲደርቅ ወንዙም መድረቅ ነበረበት። በማግስቱ ግን መቶ አለቃው መቶ አለቃ፣ ሻምበሉም ሻምበል ሆኖ አደረ። ከዚያ ወዲያ አዲስ የሚሾም የጠፋው ደጃዝማች፣ ቀኛዝማችና ፊታውራሪ ነው። ሁለቱንም የሚሾመው አንድ እጅ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ለምን ተረፈ?

መልሱን ከስሞቹ ውስጥ መፈለግ ይበጃል። የጥንቶቹ ማዕረጎች የቦታ ስሞች ናቸው። ፊታውራሪ የጦሩ ፊት፣ ቀኛዝማች ቀኙ፣ ግራዝማች ግራው፣ ደጃዝማች የሰፈሩ ደጅ ነው፤ ሁሉም የሚለካው ከንጉሡ ድንኳን ነው። ቦታው እውነተኛ በነበረበት ዘመን ማዕረጉም እውነተኛ ነበር። ፊታውራሪ ገበየሁ በአምባላጌ ግንባር ቀደም ሆነው ተዋጉ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ ዓድዋ ላይ ወደቁ። ከፊት መቆም ማለት ቀድሞ መሞት ነውና ስሙና ሥራው አልተለያዩም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር ሚኒስትር ሆነው እስከ 1919 ዓ.ም. ዕለተ ሞታቸው ፊታውራሪ እንደተባሉ ኖሩ፤ ስንቱ ራስ ግን ይፈራቸው ነበር። ኋላ ማዕረጉ ከጦር ሜዳ ወደ ግብር አዳራሽና ወደ ርስት ወረቀት ገባ። ግንባር ቆሞ የማያውቅ ፊታውራሪ፣ ቀኝም ግራም የማይመራ አዝማች በዛ። ድንኳኑ ሲፈርስ ከድንኳኑ የሚለካው ሁሉ መለኪያ አጣ።

እነ መቶ አለቃ ግን የሚለኩት ከላይ ሳይሆን ከታች ነው፤ ስማቸው የሰው ቁጥር ነው። ይህ አቆጣጠር በዘጸአት ምዕራፍ 18 ይገኛል። ዮቶር አማቹ ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ሲፈርድ፣ ሕዝቡም ተራ ሲጠብቅ ቆሞ ሲውል አይቶ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን ሹም አለው። ዮቶርን ያሳሰበው የሙሴ ድካምና የሕዝቡ መጉላላት እንጂ የማንም ክብር አልነበረም። ስለዚህ መቶ አለቃ የሚለው ስም እንደ ዕዳ ደብተር ነው፤ መቶው ሰው በልቷል ወይ፣ ጠጥቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ ሳይመለስ ቀረ። የወታደሩ የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዳ ከለከሉ። ወታደሩም አለቆቹን አሰረ፤ ነገሩን ሊያጣሩ የመጡትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዞ እሱ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ አደረጋቸው። የጄኔራሉን ማዕረግ የሻረ አዋጅ አልነበረም፤ ሰጪው ንጉሠ ነገሥትም ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ከላይ ያለው ገመድ ሳይበጠስ ማዕረጉ ከታች ላላ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የተሰበሰበው ደርግም ከሻለቃ በላይ የሆነ አባል አልነበረውም።

ጳውሎስ ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው ብሏልና ከታች የሚለካ ማዕረግ ኑፋቄ ነው የሚለኝ ይኖራል። ነገር ግን ጳውሎስ እዚያው ላይ ባለሥልጣኑን አገልጋይ ይለዋል፤ አገልጋይ ደግሞ የሚመዘነው በአገልግሎቱ ነው። የሚከብደኝ ሌላኛው ተቃውሞ ነው። የቁጥር ማዕረግ ይህን ያህል እውነተኛ ከሆነ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ሲረሸኑ ትእዛዙ የወረደው በዚያው መሰላል አይደለምን? ነው። ወንጌልም ይህን አይደብቅም። በቅፍርናሆም ስለ ታመመ ብላቴናው የለመነው የመቶ አለቃ ነው፤ በቀራንዮ ስቅለቱን ያስፈጸመው ጭፍራ አዛዥም የመቶ አለቃ ነው። የቅፍርናሆሙ እኔም ከሥልጣን በታች ነኝ ብሎ የላዩን አመነ፤ ደጅ ጥናቱ ግን ለታቹ ነበር። ሸክም ማዕረግን በሕይወት ያቆየዋል እንጂ አያነጻውም፤ ከዚህ በላይ ልከራከርለት አልችልም።

አብዮቱ በባንዲራው ላይ ከነበረው አንበሳ ራስ ዘውዱን አነሣ፤ በያዘው ዘንግ ጫፍ ያለውን መስቀልም በጦር ለወጠው። ብዙም ሳይቆይ አንበሳው ራሱ ጠፋ። ደርግን የጣሉት ታጋዮች ያለ ማዕረግ ተዋግተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ግን እነሱም አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ እያሉ መሾም ጀመሩ።