ቤዛ፦ ትርጉሙና አጠቃቀሙ

ቤዛ ሌላውን ከዕዳ፣ ከባርነት ወይም ከሞት ለማውጣት የሚከፈል ዋጋ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ሰው ቤዛ ይባላል። መቤዠትና መዋጀት የሚሉት ቃላት የዚሁ ሥራ ስሞች ናቸው። ቃሉ በንብረት፣ በሃይማኖት፣ በደም ዕርቅና በአገር ጉዳይ ሲያገለግል ኖሯል።

ጥንታዊው አገልግሎቱ የንብረትና የሰው ነፃነት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ድሀ የሸጠውን ርስት የቅርብ ዘመዱ ይቤዥለታል፤ ራሱን የሸጠውንም እንዲሁ። በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ የተቀበለው ኃላፊነት ይኸው ነበር። በኢትዮጵያም ወለድ አገድ የሚባል ልማድ አለ፦ አበዳሪው በወለድ ፋንታ በመሬቱ ይጠቀማል፣ ባለቤቱ ዋናውን ገንዘብ ሲመልስ መሬቱን ያስለቅቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን ውል ያውቀዋል። ሰውን በተመለከተ ኦነሲሞስ ነሲብ ጥሩ ምሳሌ ነው። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ተምሮ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፣ ሥራውም በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ነፃ የወጣ ሰው ነፃነቱን ለወገኑ ሲያውለው የተከፈለው ዋጋ ፍሬ ያፈራል።

በክርስትና ቤዛ ክርስቶስ ነው፤ ነፍሱን ስለ ብዙዎች እንደ ሰጠ ማርቆስ በምዕራፍ 10 ጽፏል። በላሊበላ በገና ዕለት የሚቀርበው «ቤዛ ኩሉ» የተባለው ዝማሬ ስሙን ያገኘው ከዚሁ እምነት ነው። ወላጆች ልጃቸውን ቤዛ ብለው መሰየማቸውም ከዚህ ይመነጫል።

በደም ዕርቅ ረገድ ደግሞ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ዙሪያ የሚታወቀው ጉማ ነው። ጉማ በኦሮሞ ባህል የሰው ሕይወት ሲጠፋ የሚፈጸም የደም ካሣና የዕርቅ ሥርዓት ነው። በዳይና ተበዳይ ወገኖች አስቀድመው ይራራቃሉ፤ ሽማግሌዎችም በመካከላቸው ይገባሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ገንዘብ ሳይሆን እውነት ነው፤ ያልታመነ በደል አይታረቅምና። ካሣው ከተቆረጠ በኋላ የገዳዩ ዘመዶች ያግዙታል፤ በመጨረሻም ከብት ታርዶ ሁለቱ ወገኖች ይታረቃሉ። «ዕርቅ ደም ያደርቃል» የሚባለው ቂም ወደ ልጅ ልጅ እንዳይተላለፍ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ደግሞ ሳይካስ ዝም የተባለ በደል እንደማይሞት ያሳስባል። ካሣው የሟች ዋጋ አይደለም፤ የሰው ነፍስ አይሸጥም። ጉማ የወንጀል ክስንም አያስቀርም፤ ገዳይ በመንግሥት ፍርድ ቤት መጠየቁ እንዳለ ነው፣ ዕርቁ የሚጠግነው ሁለቱን ቤተሰቦች ነው።

በአገር ጉዳይ ቤዛ የሚባለው ሕይወቱን ለሌሎች የሰጠ ሰው ነው። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ በጣልያኖች ሲጠየቁ እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። በቀጣዩ ወር በነሐሴ፣ በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ የተወለደው ፀጋዬ ገብረ መድኅን ካደገ በኋላ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተባለውን ተውኔት ጻፈ። ጳጳሱ ዋጋውን ከራሳቸው ከፈሉ እንጂ ሌላ ሰው አላስከፈሉም። ቤዛነትን ከማታለል የሚለየው ይኸው ነው፤ ሌላውን ወደ እሳት እየገፉ «ለአገር ቤዛ ሁን» ማለት ቤዛነት አይደለም።

መዋጀት የሚለው ቃል ዛሬ «ዘመኑን የዋጀ» በሚለው አነጋገርም ይሰማል። ብዙዎች አዲስ ነገር መከተል ብቻ አድርገው ይረዱታል፤ መነሻው ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች የሰጠው ምክር ነው፦ ዘመን ክፉ ሲሆን ጊዜን በጥበብ መጠቀም።

እንግዲህ ለወጣቶች የሚተርፈው ምክር አጭር ነው። የተበደረ ይክፈል፤ የበደለ አስቀድሞ እውነቱን ይናገር፣ ከዚያም ይካስ፤ የተካሰም ቂሙን ይተው። ለሌላው ቤዛ መሆን የሚሻ ከራሱ ጊዜ፣ ጉልበትና ገንዘብ ይጀምር፤ የሌላውን ልጅ ሕይወት ግን ማንም የራሱ መክፈያ አያድርግ።