«ወዴት ነው?»

ከጂንካ ተነስቶ ወደ አሪ ደጋ የሚወጣ ሰው በመንገዱ ላይ ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ አለ፤ «ከየት ነው? ወዴት ነው?» ገበሬው ይጠይቃል፣ ከገበያ የምትመለሰው እናት ትጠይቃለች፣ ከብት የሚጠብቀው ልጅም ይጠይቃል። ከተማ ላደግን ሰዎች ጥያቄው ትንሽ ይከብደናል። በሆዳችን «ምን አገባው?» እንልና፣ በአፋችን «እዚሁ ነው፣ ወደ ላይ» ብለን ፈገግ እያልን እናልፋለን።

እኔ ግን የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ ዕቅድ ዋናው ነገር እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው ያለው ባይ ነኝ።

ሃይኪንግ አሁን በወጣቱ ዘንድ ተወዷል። በቴሌግራም ግሩፑ ላይ የሚወራው ግን ስለ ጫማ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ቆሎና ስለ ፓወር ባንክ ነው። ሁሉም ያስፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው አንድ ቁጥር ነው፤ ስንት ሰዓት ላይ ነው ፊታችንን የምናዞረው?

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራበታል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት። መውጫው 10 ኪሎ ሜትር ርቀትና 600 ሜትር ሽቅብ ቢኖረው 3 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ይህ ግን ለጠንካራ እግርና ለደህና መንገድ ነው። እረፍቱ፣ ጭቃው፣ ፎቶውና እግሩ የደከመው ጓደኛችን ሲጨመሩበት 5 ሰዓት ይሞላል። ጂንካ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የቀኑ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ጨለማው ፈጥኖ ይመጣል። በዝናብ ወራት ደግሞ ላይ የዘነበው ታች ያለውን ወንዝ ይሞላዋል። ጠዋት ድንጋይ እየረገጡ የተሻገሩት ወንዝ ማታ አይደፈርም። እንግዲህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሳ ሰው ቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን፣ ጫፉ ቢቀርበውም ባይቀርበውም፣ መመለስ አለበት።

«ብደፍርስ? ሕይወቱ የራሴ አይደል?»

ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 እ.ኤ.አ. ስለ ነፃነት ባሳተመው መጽሐፍ የድልድይ ምሳሌ አለው። አንድ ሰው ሊፈርስ የደረሰ ድልድይ ሊሻገር ቢል፣ ለማስጠንቀቅም ጊዜ ባይኖር፣ ይዞ መመለስ ነፃነቱን መንካት አይደለም፤ ሰውየው ወንዝ ውስጥ መውደቅ አይፈልግምና። አደጋው እርግጠኛ ካልሆነ ግን ንገረው እንጂ አታስገድደው፤ ምርጫው የራሱ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከምሳሌው ውስጥ ግን አንድ ሰው ቀርቷል፤ የወደቀውን ለማውጣት ዘሎ ወንዝ የሚገባው።

እኛ አገር ያ ሰው አይታጣም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ መሬት ተንሸራቶ ሰዎች ተቀበሩ። ሌሎች እነሱን ለማውጣት በእጅና በአካፋ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ለመርዳት የሮጡ ነበሩ። እዚያ አደጋውን ፈልጎ የሄደበት ማንም የለም። ጥሪ ሲሰማ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ግን በደንብ አይተናል። የእኛ ቡድን ኮረብታው ላይ ቢመሽበትም ሄሊኮፕተር አይመጣም፤ ባትሪ ይዞ የሚወጣው ያው ጠዋት «ወዴት ነው?» ያለን ገበሬ ነው። «ጥፋቱ የራሳቸው ነው» ብሎ አይተኛም። በራሴ ሕይወት የቆመርኩ ሲመስለኝ የእሱንም ሌሊት አስይዣለሁ፤ ያውም ሳልጠይቀው።

ታዲያ ቤታችን እንቀመጥ? በጭራሽ። መውጣት ደግ ነው፤ እግር ቢወለምም መረዳዳት የሰው ወግ ነው። ነውሩ የሰውን ደግነት እንደ ስንቅ ቆጥሮ መንገድ መጀመር ነው።

«አስጎብኚ ከፍለናል» ማለትም ነገሩን አይዘጋውም። የከፈልነው ለቀኑ ሥራ ነው፤ «በቃ፣ እንመለስ» የማለት መብቱን አልገዛነውም። ግን ጫፉ ሊደረስ 20 ደቂቃ ሲቀረው፣ ጉርሻውን የሚሰጡት አራት ወጣቶች «ትንሽ ብቻ!» ሲሉት፣ እንዴት እምቢ ይላል? ለዚህ ነው የመመለሻው ሰዓት ጠዋት ቡና ላይ፣ ማንም ሳይጓጓና ማንም ሳይፈራ፣ መቆረጥ ያለበት። ከዚያ በኋላ አስጎብኚው የሚያስታውሰን የራሳችንን ቃል ነው።

ስለዚህ «ወዴት ነው?» ሲሉን በደንብ እንመልስ። ኮረብታውን በስሙ እንጥራ፣ ስንት እንደሆንን፣ በስንት ሰዓት በዚሁ እንደምናልፍ እንናገር። ስንመለስም በአቋራጭ ሹልክ አንበል። የነገርነው ሰው ደጅ ቆም ብለን «በሰላም ገብተናል» እንበለው፤ እሱም እንቅልፉን ይተኛ።