ያ ሰውዬ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ሙቀቱ ይቀበለዋል። መኪናው ለምሳ ይቆማል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን ተከፍቷል። ድራማው ላይ አንድ ዘበኛ ወይም አንድ የሰፈር ሽማግሌ ብቅ ሲል፣ ከበላተኛው አንዱ «ያ ሰውዬ መጣ!» ይላል። ስሙ ማን ነው ቢባል ግን ሁሉም ዝም። ፊቱን አገር ያውቀዋል፤ ስሙን የሚያውቅ የለም።

እስቲ እንጠይቅ፤ ይህ በደል ነው ወይስ የሥራው ጠባይ?

በይፋት ቆላ ማሽላው እህል ሲይዝ፣ ወፍ ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይውላል። ምርቱ ሲገባ ስለ ዝናቡና ስለ በሬው ይወራል፤ ወፍ ሳይበላው ስለተረፈው እህል ማን ያወራል? የደጋፊ ተዋናይም ዕጣ ይኸው ነው። ሥራው ዓይናችን ሌላ ሰው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። እሱ ካልተንቀጠቀጠ ንጉሡ አያስፈራም።

አሜሪካዊው ጆን ካዛል የተጫወተው በአምስት ረጅም ፊልሞች ብቻ ነው። አምስቱም ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጭተዋል፤ ሦስቱ አሸንፈዋል። እሱ ራሱ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይታጭ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በ42 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። «ዘ ጎድፋዘር»ን ያየ ሁሉ አል ፓቺኖን በስሙ ይጠራል፤ ካዛልን ግን «ፍሬዶ፣ ያ ደካማው ወንድም» ብሎ ያልፋል። የእኛው ደበበ እሸቱም እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ውስጥ ከዋናው ተዋናይ ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጎን ደጋፊ ሆኖ ሠርቷል። አገር ቤት ግን ስመ ጥር የመድረክ ሰው ነበር። የሚናው ማነስ የሰውዬው ማነስ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ ተመልካች ስም ቢረሳ አንፈርድበትም። እንዲያውም መርሳቱ የሥራው ማማር ምስክር ሊሆን ይችላል። ነገር የሚበላሸው፣ ተመልካች ረሳው ተብሎ ክፍያ የሚቆርጠውም፣ ፖስተር የሚለጥፈውም፣ ሽልማት የሚሰጠውም አብሮ ሲረሳ ነው። ወፍ ጠባቂውን መንገደኛ ቢረሳው ነውር የለበትም፤ የማሳው ባለቤት እራቱን ቢረሳበት ግን ነውር ነው።

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ፈቃዱ ተክለማርያም በመድረክም በሬዲዮ ትረካም የተጨበጨበለት ተዋናይ ነበር። ኩላሊቱን ሲታመም ግን ለሕክምናው ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብ አስፈለገ፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አረፈ። አገር ስሙን የሚያውቀው ሰው እንዲህ ከሆነ፣ «ያ ሰውዬ» የታመመ ዕለት ማን ብለን እናሰባስባለን?

ጭብጨባ ስጦታ ነው፤ ሰጪው ቢፈልግ ይሰጣል፣ ባይፈልግ ይተዋል። የሠራተኛ ዋጋና ስም ግን ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ባለዕዳው ስለረሳው አይሰረዝም። ከእኛ ከተመልካቾች የሚጠበቀው ትንሽ ነው፦ ድራማው አልቆ ስም ዝርዝሩ ሲያልፍ፣ ቻናል ከመቀየራችን በፊት አንድ ስም ማንበብ።