የቤት ሙያን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ አንጣል

በብዙ ቤት ቋንጣ መስቀል፣ በሶ ማሰናዳት፣ የተበጠሰ ቁልፍ መትከል የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እናት፣ አለዚያም አያት። ሌላው የቀረበለትን ይበላል፣ ታጥቦ የተጣጠፈለትን ይለብሳል። ያቺ አንዲት ሴት የታመመች ወይም መንገድ የሄደች ዕለት ዱቄቱ በዕቃው ሞልቶ እያለ ቤቱ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ምክሬ አጭር ናት፦ የቤት ሙያን ለቤቱ ሰው ሁሉ እናዳርስ፤ ያውም ሳይቸግረን፣ ደኅና ቀን ሳለ።

ክፉ ቀን ቀጠሮ አይሰጥም። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ በሌሊት ከፎቅ ወርደው ደጅ የቆሙ ነበሩ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገርም ሰው ወደ ገበያ ተሯሯጠ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሲወደድ፣ መርፌ መያዝ የሚያውቅ ሰው ያለበት ቤት ንጹሕ ጨርቅ ቀዶ ለቤተሰቡ ሰፋ። ሙያ የሌለው ቤት ገንዘብ እያለውም ወረፋ ጠበቀ። ገንዘብ የሚገዛው ገበያ ላይ ያለውን ብቻ ነውና።

ከምግብ እንጀምር። ስንቅ ማሰናዳት ለኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በሶን እንይ፦ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ መብራት በጠፋበት፣ ጋዝ ባለቀበት ቀን በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ በጨውና በዘይት ታሽቶ ጾመኛውንም ያጠግባል። ቆሎና ዳቦ ቆሎም እሳት አይጠይቁም። ቋንጣ የሚቆየው ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ውስጡ ድረስ ስለሚደርቅ ነው። ወፍራም ዝልዝል ከላይ ደርቆ ከውስጥ ይበላሻል። ድርቆሽም ሲሰብሩት ቀጭ ካላለ ገና ነው፤ እርጥበት የቀረው በከረጢት ውስጥ ይሻግታል። ይህን ሁሉ ከወሬ አይማሩትም፤ አንድ ጊዜ አበላሽቶ፣ ሁለተኛ አሻሽሎ ነው እጅ የሚለምደው። የሚበላሽ ነገር ደግሞ በጥጋብ ቀን ይበላሽ እንጂ በችግር ቀን አይበላሽ።

ስንቁን ቤቱ ከሚበላው ምረጡ። ማንም የማይወደው ምግብ መደርደሪያ ላይ ሰንብቶ የነቀዝ ቀለብ ይሆናል። መጀመሪያ የሦስት ቀን፣ አቅም ሲገኝ የሁለት ሳምንት አድርጉት። አሮጌውን እየበላችሁ አዲሱን ከኋላ ተኩ።

ውሃ ከእህል ይቀድማል። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ብንይዝ፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት ለሦስት ቀን 45 ሊትር ያስፈልጋል፤ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሞላ በቂ ነው ማለት ነው። መታጠቢያው ለብቻው ይያዝ። ንጽሕናው የሚያጠራጥር ውሃ ሲገጥም ማፍላት ነው። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ እናቆየው። ተቅማጥ ለያዘው ሰው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ኦአርኤስ ይቅደም። እሱ ከታጣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ጨው ማብዛት ለሕፃን አደገኛ ነውና ስፍሩን ጠብቁ።

መብራት በጠፋ ብርዳማ ሌሊት የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛትን ግን ፈጽመን እንተው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ቀርቷል ብሎ መተማመንም ያው ጥፋት ነው። የአዲስ አበባን እሳትና አደጋ መከላከያ 939፣ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ 907 በግድግዳ ላይ ጽፈን ልጆቻችን በቃላቸው እንዲያውቁት እናድርግ።

ስለ መርፌስ? እዚህ ላይ የሚያስረን ይሉኝታ ነው። የተጣፈ ልብስ ድሪቶ ተብሎ ስለሚሰደብ፣ ስፌቱ የተተረተረ ሱሪ ይጣላል እንጂ አይሰፋም። ወንዱ ደግሞ መርፌ መያዝ የሴት ነው ይላል። ይህ ሰው እስቲ ሽሮ ሜዳ ይውረድ፤ እሱ በበዓል ቀን የሚኮራበትን ጥበብ በሸማ ዕቃ ላይ ተቀምጠው የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው። መርካቶ በስፌት መኪና የሚጠልፉትም ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ለገበያ ሲሆን ክብር የሆነ ሙያ ለቤት ሲሆን ውርደት የሚሆንበት ምክንያት የለም።

በትንሹ እንጀምር፦ ቁልፍ መትከል፣ ዘምዘማ መዘምዘም፣ የተቀደደ አንሶላ መጣፍ። ከዚያ የልጆች ያጠረ ልብስና የመጋረጃ ቁራጭ በአራት ማዕዘን እየተቆረጠ፣ እርስ በርሱ ተሰፍቶ፣ ገበር ሲገባለት ለብርድ ሌሊት የሚሞቅ ልብስ ይሆናል። የሚወድ ኪሮሽ ይያዝ፣ የሚወድ በወስፌ ከአክርማና ከስንደዶ ስፌት ይስፋ። እጅ ሲሠራ አፍ ያወጋል፤ ስልኩን አስቀምጦ አንድ ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ ሳያስበው ይመካከራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ቤተሰቡ ይማር» ብለን እናትን አስተማሪ፣ አብሳይና ጠራጊ አናድርጋት። ሙያ የምትሰጥ እሷ ከሆነች፣ ምጣዱን የሚወለውለው፣ ጀሪካኑን የሚሞላው፣ የሰፋውን የሚያጣጥፈው ተማሪው ይሁን። ያለዚያ ሸክሙን አካፈልን ብለን ጨመርንባት ማለት ነው።

እንግዲህ በመጪው ቅዳሜ በየቤታችን አንድ አንድ ሙያ እንምረጥ። ልጁ በሶ ይበጥብጥ፣ አባት ቁልፍ ይትከል፣ ሴት ልጅ ጋዝ መዝጋትና የመብራት ቆጣሪ ማጥፋት ትማር። በወሩ መጨረሻ እናትን አስቀምጠን አንድ ሙሉ ቀን ያለ እሷ ቤቱን እንምራ። የጎደለን ምን እንደሆነ ያን ቀን ይታወቃል፤ እሱን ደግሞ በሚቀጥለው ወር እንማር።