ፔዳሉ ወለል ሳይነካ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ፤ በርኖሳችሁንም ደርቡ፣ የመሐል ሜዳ ብርድ ተቀምጦ ለመጨዋወት አይመችም። አሮጌ መኪና ይዛችሁ በሞላሌ በኩል ወደ ጣርማ በር የምትመላለሱ ሁሉ፣ ዛሬ ስለ ፍሪሲዮን የምነግራችሁ አለኝ።

ማለዳ ሞተር ታስነሳላችሁ። ፍሪሲዮኑን ስትረግጡት እግራችሁን አይገፋም፤ ልል ብሎ ይወርዳል። የኋላ ማርሽ ይጮኻል፣ አልገባም ይላል። ሁለት ሦስቴ ስትደጋግሙት ነፍስ ይዘራል። «ብርድ ነው፣ ሲሞቅ ይተወዋል» ትላላችሁ። ከ3000 ሜትር በላይ ባለ አገር ውርጭ ጎሚኒን፣ በፓምፕ ውስጥ ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ፣ ማድረቁ እውነት ነው፤ ግን ብርዱ ያረጀውን ነው ያጋለጠው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

እኔም ደብቄ አውቃለሁ። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቼ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስወርድ ፔዳሉ ወለል ላይ ተኝቶ ቀረ። ኋላዬ ሰውም በግም ጭኛለሁ። ደግነቱ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ነበርና ሞተሩ እየያዘ አወረደኝ፤ ዜሮ ላይ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ እንዴት እወጣው ነበር? ስደርስ ደግሞ በድንጋጤ «ካምቢዮውን አውርዱት!» አልኩ። ሁለት ቀን ሲፈቱ ውለው ሸራው ደህና፣ ኩሽኔታው ደህና። ያለቀችው በላይኛው ፓምፕ ውስጥ ያለች፣ የአውራ ጣት ጫፍ የማታህል ጎሚኒ ነበረች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። እግራችሁ የላይኛውን ፓምፕ ይገፋል፤ ዘይቱ በቧንቧ ወርዶ የታችኛውን ይገፋል፤ እሱ ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የዘይቱን ዕቃ ክፈቱ። ጎድሎ ከሆነ የት ሄደ? ከፔዳሉ በላይ ያለው ዘንግ ከረጠበ የላይኛው ፓምፕ ነው፤ የታችኛው ፓምፕ የጎማ ሽፋን ሲገለጥ ዘይት ካንጠባጠበ የታችኛው ነው። ዘይቱ ሳይጎድል፣ ውጪውም ደረቅ ሆኖ፣ እንደረገጣችሁት ያዛችሁት ፔዳል ቀስ እያለ ከሰመጠ የላይኛው በውስጡ እያሳለፈ ነው። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልጎትት ካለ ግን ጥርጣሬያችሁን ወደ ሸራው አዙሩ፤ ካምቢዮ የሚወርደው ያኔ ነው።

ጎሚኒ ስትቀይሩ የሁለቱንም ቀይሩ፤ አንዱ ሲታደስ ያረጀው ሌላው ብዙም አይቆይም። የፓምፑን ውስጥ በጣት ዳብሱት፤ ከተቧጠጠ ወይም ከዛገ አዲስ ጎሚኒም አይበረክትበትምና ፓምፑን ለውጡት። የሞተር ዘይት ከቶ አትጨምሩበት፤ ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሸዋል። የፍሬን ዘይት ነው የሚገባው፤ እሱም ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመውን አትመኑት። ቀለም ላይ ከፈሰሰም ቶሎ በውኃ እጠቡት፣ ይልጣል።

አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከላይ ረግጦ ይይዛል፤ ከሥር የተኛው የታችኛውን ፓምፕ ማስተንፈሻ ሩብ ዙር ይከፍታል፤ አረፋ እየተንጣጣ ይወጣል። «ያዝ! እንዳትለቅ!» ማስተንፈሻው ሳይዘጋ እግር ከተነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አረፋው ጠፍቶ ጥሩ ዘይት እስኪወርድ ደጋግሙት፤ ከላይ ያለው ዕቃም እንዳይደርቅ እየሞላችሁ።

አባቶቻችን የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ፣ ዘሎ የገባችውን አንዲት በግ «አንዲት ናት» ብለው አላለፏትም። እናንተም ለአንዲት ጠብታ እንዲሁ ሁኑ። ማታ መኪናውን ስታቆሙ ከታችኛው ፓምፕ ሥር ካርቶን አንጥፉ፤ ጠዋት ጎንበስ ብላችሁ በጣታችሁ ንኩት። እርጥብ ካገኛችሁ መንገደኞቹን አውርዱና ሒሳባቸውን መልሱ።